የጀርመን የስንዴ ቢራና የእናቶቻችን ጠላ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፣ ዛሬ ስለ ቢራ ታሪክ ላውራችሁ። አይዟችሁ፣ ጠጡ ልላችሁ አይደለም! የታሪክ መምህር ስለሆንኩ የሚገርመኝ ሌላ ነገር ነው፤ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ስንት መንግሥትና ስንት ሙያ አለ መሰላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1516 የባቫሪያ መሳፍንት የነበሩት ቪልሄልም አራተኛና ወንድሙ ሉድቪግ አሥረኛ ኢንጎልሽታት ከተማ ላይ ሕግ አወጡ። ቢራ ውስጥ ከገብስ፣ ከሆፕስና ከውኃ በቀር ሌላ አይግባ አሉ። ስንዴው ለዳቦ ይቅር ነው ነገሩ። ታዲያ የስንዴ ቢራ ቀረ? የት ይቀራል! ዴገንበርግ ለሚባል የመኳንንት ቤተሰብ ተፈቀደለት። በ1602 የቤተሰቡ ዘር ሲቋረጥ መስፍኑ ማክሲሚሊያን መብቱን ጠቅልሎ ወሰደና የስንዴ ቢራ የመንግሥት ገቢ ሆነ። ጌዮርግ ሽናይደር የተባለ ጠማቂ መብቱን ከንጉሥ ሉድቪግ ዳግማዊ ያገኘው በ1872 ነው። ልብ በሉ፣ 270 ዓመት!

ለእኛም እንግዳ አይደለም። በአገራችን ጠጅ የቤተ መንግሥትና የመኳንንት መጠጥ ነበር። ጠላ ግን በየጎጆው፣ በሴቶች እጅ ኖረ።

እስቲ ሙያውን ጎን ለጎን እንየው። ጀርመኑ እህሉን ዘፍዝፎ ያበቅላል፣ አድርቆ ይፈጫል። ይኸው ብቅል ነው፤ ቢያንስ ግማሹ የስንዴ፣ የቀረው የገብስ። በ65 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ውኃ ሲበጠብጠው ብቅሉ የእህሉን ስታርች ወደ ስኳር ይለውጠዋል። ከዚያ ያጠልና ሆፕስ ጨምሮ ያፈላል፣ ያቀዘቅዛል፣ እርሾ ይጨምራል። የሙዝና የቅርንፉድ መዓዛ ያለው ከእርሾው ነው እንጂ ሙዝም ቅርንፉድም አልገባበትም።

የሞጣና የቢቸና እናቶች ደግሞ ጋኑን አጥበው በወይራ ያጥናሉ። ጌሾ ወቅጠው ይጠነስሳሉ፣ ብቅል ይጨምራሉ፣ ቂጣ ጋግረው፣ አሻሮ ቆልተው ይደፈድፋሉ፤ በመጨረሻ ውኃ ሞልተው ይከድናሉ። ጌሾ የሆፕስን ሥራ ይሠራል። ቂጣው እሳት ስለነካው ስታርቹ ለብቅሉ ይመቻል። እርሾስ? ማንም አይጨምርም፤ ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከጋኑ ይመጣል። የ1516ቱ ሕግም እርሾን አያነሳም። ምሥጢሩ በሳይንስ የተፈታው በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ በእነ ፓስተር ጥናት ነውና። እናቶቻችን ስሙን ባይጠሩትም በሥራ ያውቁታል።

በ1915 ዓ.ም. የቅዱስ ጊዮርጊስ ቢራ ፋብሪካ አዲስ አበባ ተከፈተ። ከዚያ ወዲህ ቢራ የሥልጣኔ፣ ጠላ የድሃ ተደርጎ መታየት ጀመረ። ስንቶቻችን ነን ግን ደብተራችን በጠላ ብር የተገዛው? በዚያ ብር ተምረው ዶክተርና ኢንጂነር የሆኑ፣ ዛሬ ግን የጠላ ሻጭ ልጅ መባልን የሚያፍሩ አሉ። ምኑ ነው የሚያሳፍረው? ባቫሪያ ውስጥ መስፍን የተሻማበት ሙያ እኮ ነው!

ሙያ በልብ ነው ይባላል። በልብ ብቻ የቀረ ሙያ ግን ከባለቤቱ ጋር ይቀበራል። የጀርመኖቹ ሕግ 500 ዓመት በወረቀት ኖሯል፤ የእናታችሁ ልክ ያለው እጇ ላይ ብቻ ነው። ለበዓል አገር ቤት ስትገቡ ጠይቋት፤ ጌሾው ስንት፣ ብቅሉ ስንት፣ ጥንስሱ ስንት ቀን? ጻፉት፣ ቀኑንና የእሷንም ስም አስፍሩበት። ይህም ታሪክ ነው።