መፋቅና መሰረዝ፤ የአምሳያ ኮምፒዩተር ፕሮግራም የተሻሩ አማራጮች ታሪክና አመዘጋገብ

ቃል ወደ መዝገበ ቃላት በምን ሥርዐት እንደሚገባ በሥነ ልሳን ባለሙያዎች ዘንድ ብዙ ተብሏል። በምን ሥርዐት እንደሚወጣ፣ ከወጣም በኋላ ስሙና ታሪኩ የት እንደሚቀመጥ ግን እምብዛም አልተመረመረም። እኛ ጉዳዩን የምናየው ብዙ አንባቢ ባልጠበቀው በኩል ነው፤ ይኸውም አንድ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ሲታዘዝባቸው የኖሩ ቃላትን እንዴት እንደ ሻረና የሻራቸውንም እንዴት እንደ መዘገበ በመመልከት ነው። ሰነዱን ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ተርጓሚ ገና ከርእሱ ላይ የስያሜ ችግር ይገጥመዋልና ጉዳዩ የቋንቋ ሰው ጉዳይም ነው።

ፕሮግራሙ ኪውኢሙ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 ፈረንሳዊው ፋብሪስ ቤላር የጀመረው ሲሆን፣ ሥራው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ሌላ ኮምፒዩተር ያለ አስመስሎ ማሠራት ነው። የተፈጠረው ኮምፒዩተር በእጅ የሚዳሰስ አካል የለውም፤ ነገር ግን በውስጡ የሚሠራው ፕሮግራም እውነተኛ ማሽን ላይ እንዳለ ሆኖ ይሠራል። ተጠቃሚው ምን ያህል ማኅደረ ትውስታ፣ ምን ዓይነት ዲስክ፣ ምን ዓይነት የድምፅ ካርድ እንዲኖረው እንደሚፈልግ በትእዛዝ መስመር ላይ አማራጮችን በመደርደር ይናገራል። እያንዳንዱ አማራጭ በሰረዝ ይጀምራል። (ይህ ሰረዝ መሰረዝን የማያመለክት መሆኑ አማርኛ ተናጋሪውን ትንሽ ፈገግ ያሰኛል።) የአማራጮቹን ስም ከላቲን ፊደል ወደ ድምፃቸው መልሰን በራሳችን ፊደል ጽፈናል።

ለዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም በቅድሚያ ወደ አፍ የሚመጣው ስያሜ «አስመሳይ» ነው። ይሁን እንጂ አስመሳይ በአማርኛ የሰው ስድብ ነው፤ ያልሆነውን ነኝ የሚል፣ በውስጡ ሌላ የያዘ ሰው ማለት ነው። ኪውኢሙ ግን ማንንም አያታልልም፤ የሚያስመስለውን ነገር አስቀድሞ ተናግሮ ያስመስላል። ስለዚህ ለተፈጠረው ማሽን «አምሳያ ኮምፒዩተር»፣ ለፕሮግራሙ ደግሞ «አምሳያ ፈጣሪ» የሚሉትን መርጠናል። የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት በ1989 ዓ.ም. ሲታተም ኪውኢሙ ገና አልተጀመረም ነበርና ከዚያ መዝገብ መልስ መጠበቅ አይገባም።

አማራጮቹ በአንድ ሰው ዕቅድ የወጡ አይደሉም። አንድ ችግር በገጠመ ቁጥር አንድ ቃል ይፈጠር ነበር። ከሁሉ ይልቅ ይህን የሚያሳየው «ኤችዲኤ-ሲኤችኤስ» የተባለው አማራጭ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ፊደላት አንደኛውን ዲስክ ያመለክታሉ፤ የቀሩት ሦስቱ የሲሊንደር፣ የራስና የሴክተር መነሻ ፊደላት ናቸው። ጥንት የዲስክ ይዞታ የሚለካው በእነዚህ ሦስት ቁጥሮች ነበር። አማራጩ ሲሊንደርን እስከ 16383፣ ራስን እስከ 16፣ ሴክተርን እስከ 63 ይቀበላል፤ ሦስቱ ተባዝተው በሴክተሩ 512 ባይት ሲሰላ ከ8.4 ቢሊዮን ባይት ጥቂት የሚበልጥ ይዞታ ይሆናል። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ራሱ ገምቶ ያገኛቸዋል፤ አማራጩ የቆመው ግምቱ ሲስት ነው፤ በተለይም ለቆዩ የኤምኤስ ዶስ ዲስኮች ያገለግል ነበር። እንግዲህ ይህ ቃል የአንድ ጠባብ ዘመን ቃል ነው። ዘመኑ አልፎ ቃሉ ቆየ።

ሌላው የመብዛት ምክንያት ውርስ ነው። ኪውኢሙን መሠረት አድርጎ የተለየ ቅርንጫፍ ወጥቶ ለብቻው ያድግ ነበር፤ ቅርንጫፉ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2012 በወጣው 1.3 ዕትም ወደ ግንዱ ሲመለስ የራሱን ቃላት ይዞ መጣ። ከእነዚህ መካከል «ኖ-ኬቪኤም-ፒት» እና «ቲዲኤፍ» ይገኙባቸዋል። ሁለቱም ከአማራጮች ዝርዝር ውስጥ ነበሩ፤ ተጠቃሚው ሲጽፋቸው ፕሮግራሙ አይቃወምም፤ ነገር ግን ምንም አያደርግም። ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋቸዋል። የቆየው ትእዛዝ እንዳይሰበር ሲባል ፍቺ የሌለው ቃል በስሙ ብቻ ተጠብቆ ኖረ ማለት ነው። ለቋንቋ አጥኚ ይህ እንግዳ አይደለም፤ ትርጉሙ ጠፍቶ በቃለ መሐላ ወይም በልጆች ጨዋታ ውስጥ ድምፁ ብቻ የቀረ ቃል በየቋንቋው አለና።

እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በፕሮግራሙ ውስጥ አዲስ ሰዋስው ገባ። ለእያንዳንዱ መሣሪያ የተለየ ቃል ከመፍጠር ይልቅ «መሣሪያ» የሚል አንድ አጠቃላይ አማራጭ ተደርጎ የመሣሪያው ዓይነትና ጠባይ በባሕርይና በዋጋ ጥንድ ይገለጽበት ጀመር። የአሉታው አነጋገር ለውጡን በግልጽ ያሳያል። ቀድሞ አንድን ነገር ለማጥፋት «ኖ» የሚል አሉታ ከስሙ ፊት ይቀጠል ነበር፤ «ኖ-ኤሲፒአይ»፣ «ኖ-ኤችፔት» እንዲሉ። በአዲሱ ሰዋስው ግን ነገሩ በስሙ ይጠራና ዋጋው «ጠፍቷል» ይባላል። የተበታተኑ ያልተለመዱ ቅርጾች በአንድ ወጥ እርባታ ተተኩ። ሁለቱ የአሉታ ቃላት ከፕሮግራሙ የወጡት ግን በ9.0 ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2024 ነው። በአዲሱ ሰዋስው መግባትና በአሮጌው ቃል መውጣት መካከል አሥራ አምስት ዓመት ገደማ አለፈ ማለት ነው፤ ቋንቋ ውስጥም ቢሆን ከዚህ የፈጠነ ለውጥ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ጽሑፉ ርእስ እንድረስ። በጣና ደሴቶች ገዳማት የተጻፉ የብራና መጻሕፍትን ያየ ሰው ጸሐፊው የተሳሳተውን ቃል በሁለት መንገድ እንደሚያወጣ ያውቃል። አንዱ በቢላዋ መፋቅ ነው፤ ቃሉ ይጠፋል፣ የብራናው መሳሳት ብቻ ምስክር ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛው ከቃሉ በላይና በታች መስመር አስምሮ መሰረዝ ነው፤ አንባቢው ቃሉ እንደማይነበብ ያውቃል፣ ምን እንደነበረም ያያል። ኪውኢሙ በመጀመሪያዎቹ ዘመናት ይፍቅ ነበር። አንድ አማራጭ ሲወጣ ከመመሪያው መጽሐፍ ይጠፋል፤ ፍለጋው በየዕትሙ የለውጥ ማስታወሻ ውስጥ ተበታትኖ ካልሆነ አይገኝም። የድሮውን ትእዛዝ የጻፈ ተጠቃሚም የሚያገኘው አማራጩ የማይታወቅ መሆኑን የሚነግር አጭር መልስ ነው። መቼ እንደወጣ፣ በምን እንደተተካ አይነገረውም።

ከመፋቅ ወደ መሰረዝ የተሸጋገረው በ2.10 ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2017 ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ አማራጭ ሊወጣ ሲታሰብ በቅድሚያ በመመሪያው በተለየ ክፍል ይመዘገባል፤ በተመዘገበበት ዕትምና በሚቀጥለው አንድ ዕትም ውስጥ እንደ ቀድሞው ይሠራል፤ ከሁለቱ በኋላ ሊወጣ ይችላል። ዕትሞቹ በዓመት ሦስት ጊዜ ስለሚወጡ ማስጠንቀቂያው ከወራት አይበልጥም፤ ነገር ግን «ሊወጣ ይችላል» እንጂ «ይወጣል» አልተባለምና አንዳንዱ ከቀጠሮው አልፎ ይቆያል። አማራጩ በእርግጥ ሲወጣ ደግሞ ስሙ ወደ ሌላ መዝገብ ይዛወራል። ይህ ሁለተኛው መዝገብ የወጡት አማራጮች ዝርዝር ነው፤ ፕሮግራሙን አድሶ ችግር ላይ የወደቀ ተጠቃሚ መልስ እንዲያገኝበት የተዘጋጀ መሆኑን በመግቢያው ይናገራል።

የመዝገቡ አንቀጽ አጭር ነው፤ ስሙ፣ በቅንፍ የወጣበት ዕትም፣ ቀጥሎም ምትኩ። «ኤችዲኤ-ሲኤችኤስ» በ2.12 ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2018 ወጣ፤ ሦስቱ ቁጥሮች በመሣሪያው ባሕርያት እንዲገለጹ ተባለ። «ቲዲኤፍ» በዚያው ዕትም ወጣ፤ መዝገቡም ምትክ እንደሌለው ይገልጽና አስቀድሞ ይፈለግ የነበረው ጠባይ አሁን የተለመደው ሆኗል ይላል። ከሁሉ የሚጠቅመው ግን «ሳውንድ-ኤችደብሊው» የተባለው የድምፅ ካርድ አማራጭ አንቀጽ ነው። ይህ በ7.1 ዕትም፣ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 ሲወጣ በሁለት ሌሎች አማራጮች እንዲተካ ተነገረ፤ የኮምፒዩተሩ የውስጥ ድምፅ ማጉያ ግን ከሁለቱም ተለይቶ በማሽኑ ባሕርይ እንዲጠራ ተደነገገ። አንድ ቃል ሦስት ቦታ ተከፈለ። ተርጓሚ የሆነ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የወጣ ቃል ሁልጊዜ አንድ ልክ አቻ አይኖረውም።

መዝገቡ ጉድለት የለውም አይባልም። ቃሉ መቼ እንደገባ አይናገርም፤ ስለዚህ ዕድሜው አይታወቅም። የወጣበትን ምክንያትም ብዙ ጊዜ ይዘለዋል። ለተጠቃሚው ይህ ላያስፈልገው ይችላል፤ ለታሪክ ግን ግማሽ መዝገብ ነው።

የተርጓሚው ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ሁለቱን መዝገቦች በአማርኛ ምን እንላቸዋለን? «የተሻረ» የሚለው ቃል ለሁለቱም ሲባል እንሰማለን፤ ይህ ግን አደገኛ ነው። ሻረ በአማርኛ ብዙ ይይዛል፤ ሹም ይሻራል፣ ሕግ ይሻራል፣ ሰንበት የማያከብር ሰንበት ሻረ ይባላል፣ ቁስልም ሲድን ሻረ ይባላል። በሕግ አነጋገር ግን ትርጉሙ የተቆረጠ ነው። ነጋሪት ጋዜጣ ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ ባወጣቸው ሕጎች «የተሻረ» ማለት ከዚያ ቀን በኋላ የማይሠራ ማለት ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የቀድሞውን አዋጅ ቁጥር 377/1996 በስሙ ጠርቶ ሽሮታል፤ ማንም በአሮጌው አይከራከርም። ስለዚህ ገና የሚሠራውን አማራጭ «የተሻረ» ያለ ተርጓሚ ተጠቃሚው ያለ ጊዜው እንዲተወው ያደርገዋል፤ የወጣውን «ሊሻር የታሰበ» ካለ ደግሞ በማይሠራ ትእዛዝ ያደክመዋል።

ለመጀመሪያው ደረጃ «ተሰናባች» የሚለውን እናቀርባለን። ተሰናባች ሹም ስንብቱ ተነግሮት ከወንበሩ ያልተነሣ ነው፤ ፊርማው እስከ መጨረሻው ቀን ይሠራል። «ተሰናባች አማራጭ» ሲባልም ይኸው ይገባል። የወጣውን «የተሻረ አማራጭ» እንለዋለን። «ጊዜው ያለፈበት» የሚለው ለሁለቱም አይሆንም፤ እርሱ የሰሚ አስተያየት እንጂ የመዝጋቢ ውሳኔ አይደለም።

ይህን ልዩነት መጠበቅ ለኮምፒዩተር ብቻ የሚበጅ አይደለም። የሕጋችን አሻሻር ራሱ አልፎ አልፎ ይፍቃል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3347 እርሱ በሚመለከታቸው ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበሩትን የጽሑፍና የልማድ ደንቦች በጅምላ ሽሯል፤ የትኞቹ እንደሆኑ ግን አልዘረዘረም። የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 31/1967ም ይዞታውን ሲለውጥ የይዞታውን ቃላት የሚመዘግብ አልነበረም። ከባሕር ዳር ብዙ ሳይርቅ በደራ ወረዳ በምትገኘው በአንበሳሜ አካባቢ የተደረገ የቆየ የርስት ክርክር የሚተረጉም ሰው «አቅኚ አባት» የሚል ሲያጋጥመው ችግሩ ይገባዋል። ተከራካሪው የዘር ሐረጉን የሚቆጥረው ወደዚያ አባት ነው፤ መብቱም ያለው ከዚያ ቆጠራ ላይ ነው። መብቱ በ1967 ዓ.ም. ተሽሯል፤ ቃሉ ግን በሽማግሌዎች አፍ ይነገራል። የተሻረ አማራጭ በፕሮግራሙ ፊት ፈጽሞ አይሠራም፤ የተሻረ የሕግ ቃል ግን ከፍርድ ቤት ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር ሊሠራ ይችላል። መዝገበ ቃላት ይህን ለይቶ ሊያሳይ ይገባዋል፤ «ጥንታዊ» የሚል አንድ ምልክት ለሁለቱም ከሰጠ ከመፋቅ ብዙ አይሻልም።

ስለዚህ ለተሻረ ቃል የሚቆም አንቀጽ ከስሙ ቀጥሎ የገባበትን ዘመን፣ የተሻረበትን ዓመትና የሻረውን አካል፣ ምትኩን፣ ምትክ ከሌለውም የሌለው መሆኑን እንዲይዝ፣ ከዚያም ከሽረቱ በኋላ የት እንደሚነገር እንዲጠቁም እንመክራለን። እንደ «ቲዲኤፍ» ላሉት፣ ማለትም ሳይሻሩ ፍቺያቸው ቀድሞ ለሞተባቸው፣ ከተሰናባችም ከተሻረም የተለየ ስያሜ ያስፈልጋል። እኛ ለጊዜው «ስመ ባዶ አማራጭ» ብለነዋል፤ «ባዶ» የሚለው በውስጡ የሚሞላ ነገር የሚጠብቅ ስለሚመስል ግን አንጀታችን አልራሰበትም፤ የተሻለ ያለው አንባቢ ቢያቀብለን እንቀበላለን።