ሁለት አሸናፊዎች የወጡበት ሻምፒዮና

በአሜሪካ የኮሌጅ ሴቶች የሜዳ ሆኪ ታሪክ እንደ 1981 ያለ ዓመት የለም (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ የውድድር ዘመን የኮኔክቲከት ዩኒቨርሲቲ ቡድን ማሳቹሴትስን 4 ለ 1 ረትቶ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተባለ። የፔንስልቬንያ ስቴት ዩኒቨርሲቲም በዚያው ዘመን የአገሪቱ ሻምፒዮን ተብሏል። ሁለቱ ግን ለዋንጫ አልተገናኙም፤ አንድ አገር፣ አንድ ጨዋታ፣ ሁለት ማኅበራት ነበሩና።

ሆኪ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም፤ ቆልማማ ዱላ ይዞ ሩር ሲያሳድድ ያደገ ሰው የጨዋታውን መሠረት ወዲያው ይረዳዋል። ሆኖም የእኛ ገና የወንዶች ጨዋታ ሆኖ ሲኖር፣ ሆኪ በአሜሪካ ይበልጡን የሴቶች ሆነ። ምክንያቱ በአብዛኛው አንዲት እንግሊዛዊት ናት። ኮንስታንስ አፕልቢ በ1901 በሃርቫርድ የክረምት ትምህርት ላይ ጨዋታውን ካሳየች በኋላ፣ ከቫሳር እስከ ብሪን ማር ባሉት የሴቶች ኮሌጆች እየተዘዋወረች አስተማረች። በ107 ዓመቷ ያረፈችውም በዚያው በ1981 ነው።

ከእርሷ በኋላ የመጡት የሴቶች የአካል ማጎልመሻ መምህራን ውድድሩን በራሳቸው እጅ ለመያዝ ቈርጠው ነበር። የወንዶቹን ስፖርት የገንዘብ ጥማት አይወዱትም ነበርና፣ በ1971 ያቋቋሙት የሴቶች የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር መጀመሪያ ላይ ለተጫዋች የነፃ ትምህርት ዕድል መስጠትን እንኳ ከልክሎ ነበር። ክልከላው በ1973 ክስ ሲቀርብበት ተነሣ። በትምህርት ቤቶች የጾታ አድልዎን ያገደው የ1972 ሕግ በሩን ከከፈተ ወዲህ የማኅበሩ አባላት ወደ አንድ ሺህ ኮሌጆች ተጠጉ። በሆኪው ሻምፒዮና ከ1975 እስከ 1978 ዌስት ቼስተር በተከታታይ አራት ጊዜ አሸነፈ፤ በ1979 ዋንጫው አህጉሩን አቋርጦ ወደ ካሊፎርኒያው ሎንግ ቢች ተሻገረ።

የወንዶቹ ብሔራዊ የኮሌጅ አትሌቲክስ ማኅበር ሕጉ በስፖርት ላይ እንዳይሠራ አጥብቆ ሲከራከር የቆየ ነው። በጥር 1981 ግን ለትልልቆቹ ዩኒቨርሲቲዎች ሴቶችም ሻምፒዮና ሊያዘጋጅ ወሰነ። የመጀመሪያው የሆኪ ውድድሩ ስድስት ቡድኖች ብቻ የተካፈሉበት ነበር። ነገር ግን የቡድኖቹን የጉዞ ወጪ ይከፍል ነበር፤ ለሴቶቹም ተጨማሪ የአባልነት መዋጮ አይጠይቅም። ለኮሌጅ አስተዳዳሪ ሒሳቡ ቀላል ነበር። ይህን የመሰለ ውድድር በጨዋታ ችሎታ አይረታም፤ የሴቶቹ ማኅበር በ1982 ሥራውን አቆመ፣ ያቀረበውንም ክስ ፍርድ ቤቱ በ1983 ውድቅ አደረገው፤ ይግባኙም በ1984 አልሠመረም።

ጥፋቱን ሁሉ በወንዶቹ ማኅበር ላይ መጫን ግን ትክክል አይሆንም። በ1972 የኮሌጅ ሴቶችን ቡድኖች ከሚያሠለጥኑት ከመቶ 90 የሚበልጡት ሴቶች ነበሩ፤ በ1978 ቁጥሩ ወደ 58 ወርዷል። ይህ የሆነው የሴቶቹ ማኅበር ገና በሕይወት ሳለ ነው፤ ደመወዙ ሲሻሻል ወንዶቹም ሥራውን ፈለጉት። ተጫዋቾቹ በተቃራኒው ተጠቅመዋል። ቤዝ አንደርስ ያሠለጠነችው ኦልድ ዶሚኒየን ከ1982 እስከ 1984 ሦስት ዋንጫ በተከታታይ ወሰደ፤ ራሷ አንደርስም በ1984 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒክ ለአገሯ ተሰልፋ የነሐስ ሜዳልያ አገኘች።

በብሔራዊው ማኅበር የሆኪ ሻምፒዮኖች ዝርዝር የመጀመሪያው ስም የ1981ዱ ኮኔክቲከት ነው። በዚያ ዓመት አንጻር የፔንስልቬንያ ስቴት ስም አልተጻፈም።