የጥንታዊ ሞተር ብስክሌት መንኰራኵርና የስያሜው ታሪክ

ጥንታዊ ሞተር ብስክሌትን በዘመኑ መንኰራኵር መልሶ ማቆም የእጅ ሥራን ብቻ ሳይሆን የቃላት ጥንቃቄንም ይጠይቃል።

እ.ኤ.አ. በ1890 ለሁለት የጎማ አያያዝ ዘዴዎች የፈጠራ መብት ተሰጠ። በዊልያም ባርትሌት ዘዴ የቸርኬው ጠርዝ ወደ ውስጥ የተጠቀለለ ሲሆን፣ የጎማው ከንፈር እዚያ ተሰክቶ በአየር ግፊት ይያዛል። በቻርልስ ዌልች ዘዴ ግን ጎማውን የሚይዘው በከንፈሩ ውስጥ የተቀበረ የማይለጠጥ ሽቦ ነው። ፊተኛውን «ባለጥምዝ»፣ ኋለኛውን «ባለሽቦ» እንለዋለን። በሞተር ብስክሌት ላይ ባለጥምዙ ለረጅም ጊዜ ሰፍኖ ከቆየ በኋላ፣ በ1920ዎቹ ውስጥ ስፍራውን ለባለሽቦው ለቀቀ።

ቆይቶም የቁጥሩ ፍች ተለወጠ። በባለጥምዙ ዘመን «28 በ3» ሲባል 28 ኢንች የጎማው የውጭ ዲያሜትር ነው፤ የጎማው ውፍረት ከሁለቱም ወገን ሲቀነስ ለቸርኬው 22 ይቀራል። በኋለኛው «3.25-19» ግን 19 የቸርኬው ልክ ነው። ስለዚህ የቀድሞውን ቁጥር በአዲሱ ፍች ያነበበ ሠራተኛ የማይገጥም ቸርኬ ያሠራል። የሁለቱን ዘዴዎች ጎማና ቸርኬ ያደባለቀም እንደሆነ፣ ጎማው በጉዞ ላይ ወልቆ ነጂውን ሊጥል ይችላል።

በአማርኛ «ጎማ» ላስቲኩንም መላውን መንኰራኵርም ይጠራል። «ቸርኬ» ከጣልያንኛው «ቼርኪዮ» የተወረሰ ነው። እኛም በቴክኒክ ጽሑፍ «መንኰራኵር» ለመላው አካል፣ «ቸርኬ» ለብረቱ ክብ፣ «ጎማ» ለላስቲኩ ብቻ እንዲውሉ፣ ልክ ሲጻፍም የየትኛው እንደሆነ እንዲገለጽ እናሳስባለን።