ሊብሬ የሌላት መኪና

ጥቅምት 12 ቀን 1947 ዓ.ም. የአሜሪካው ፎርድ ኩባንያ ተንደርበርድ የተባለችውን መኪና ለገበያ አወጣ። ሁለት ሰው ብቻ የምትጭን፣ ባለ 8 ሲሊንደር፣ ጣሪያዋ የሚነሣ የሽርሽር መኪና ነበረች። በዚያው በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። "ታዲያ ተንደርበርድና የጎንደር ጤና መኮንን ምን አገናኛቸው?" ትሉኝ ይሆናል። እኔ ደግሞ መገናኘታቸው አይቀርም እላለሁ።

ዘመኑ የአሜሪካ ዘመን ነበር። ከኮሌጁ መከፈት ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ ግንቦት 24 ቀን 1946 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኒው ዮርክ ጎዳና በክፍት መኪና ሲያልፉ ከፎቅ ላይ ቁርጥራጭ ወረቀት እንደ በረዶ ወርዶላቸዋል። ኮሌጁንም ያቋቋሙት የኢትዮጵያ መንግሥት፣ ስምምነቱ በ1943 ዓ.ም. የተፈረመው የአሜሪካ የፖይንት ፎር እርዳታ፣ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ተባብረው ነው።

መቼም ተንደርበርድ ወደ ገጠራችን አልመጣችም። አገራችን በደንብ የምታውቃት ክፍት የአሜሪካ መኪና ዊሊስ ጂፕ ናት። በኦሃዮዋ ቶሌዶ ከተማ የተሠራች፣ ባለ 4 ሲሊንደር፣ ጣሪያዋ ሸራ፣ መስተዋቷ ኮፈኗ ላይ የሚተኛ፣ በአራቱም ጎማ የምትስብ። በሠራዊቱም በመንግሥት መሥሪያ ቤቱም ያገለገለች ናት። የከተማ ሰው ሸራ የሚከፍተው ነፋስ ለመቀበል ነው፤ የእኛ አገር ሾፌር ግን ዕቃና ሰው ለመጨመር ይከፍተዋል።

የጎንደር ኮሌጅ ትምህርት ደግሞ ያለ መንገድና ያለ መኪና የሚታሰብ አልነበረም። ጤና መኮንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን በአንድነት ሠልጥነው፣ በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ነበር የታሰበው። የአንድ ጤና ጣቢያ ድርሻ 50,000 ሕዝብ ነበር። ኮሌጁ ለምን ጎንደር ላይ ሆነ ቢባል፣ ከመከፈቱ በፊት ደምቢያን የመታው ወባ አንዱ ምክንያት ነው። በ1950 ዓ.ም. ክረምትና በቀጣዩ መኸር እንደገና የተነሣው ወባ ደግሞ በአገሪቱ ደጋና ወይና ደጋ 150,000 ያህል ሰው እንደጨረሰ ተገምቷል። በሽታው መንገድ ዳር ቆሞ አይጠብቅም፤ ሐኪሙ ነው ሊሄድበት የሚገባው።

እኔ የሕክምና ትምህርት ቤቱ ከተጀመረ ከ1971 ዓ.ም. በኋላ የመጣው ትውልድ ነኝ። ለቲም ትሬኒንግ እንፍራንዝ ስንመደብ፣ በአዘዞ በማክሰኝት አድርገን የሄድነው በአውቶቡስ ነው። "ቡድን" የሚለውን ነገር ግን የወረስነው በጂፕ ዘመን ከነበሩት ታላላቆቻችን ነው።

አሁን ወደ ጥንታዊ መኪና እድሳት ልመለስ። አሜሪካ ውስጥ የ1950ዎቹን ክፍት መኪና የሚያድስ ሰው ሥራውን በመፍቻ አይጀምርም፤ በንባብ ነው የሚጀምረው። በተንደርበርድ ቦዲ ላይ የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ ዓመቷን፣ የሞተሯን ዓይነት፣ የተገጣጠመችበትን ፋብሪካ፣ ቀለሟንና የወንበሯን ልብስ ትናገራለች። ዝገቱ የሚፋቀው፣ ቀለሙ የሚመረጠው እሷ ከተነበበች በኋላ ነው።

የእኛ መካኒኮች ግን ጂፗን ያቆዩዋት በሌላ ጥበብ ነው። ካምቢዮው ከአንዷ፣ ባሌስትራው ከሌላዋ፣ ፍሪሲዮኑ ከተገኘበት። ይህን አልንቅም፤ እንዲያውም አከብረዋለሁ፤ ለበሽተኛው የደረሰችው እንዲህ ተጠግና ነው። ችግሩ ሌላ ነው። አንድ ቀን ቆማ ስትቀር ሊብሬዋም፣ የጉዞ መዝገቧም፣ የሾፌሯም ስም አብሮ ይጠፋል። ካርዱ የጠፋበት በሽተኛ ማለት እኮ ናት፦ አካሉ አለ፣ ታሪኩ ግን የለም። እንዲህ ያለችውን መኪና ቀለም ብትቀቧት ታብረቀርቃለች እንጂ አልታደሰችም።

እንፍራንዝ ለዚህ ጥሩ ምስክር ናት። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ እ.ኤ.አ. በ1699 ዐፄ ኢያሱን ሊያክም ጎንደር መጥቶ ነበር፤ እንፍራንዝንም አይቶ ጽፎላታል። ከ300 ዓመት በላይ አልፎ የዚያን ሐኪም ጉዞ የምናውቀው ስለጻፈው ብቻ ነው። ከ70 ዓመት ወዲህ በዚያው አገር የተመላለሱትን የራሳችንን ጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ሳኒቴሪያኖች ጉዞ ግን ስንቶቻችን እናውቃለን?

ስለዚህ ለዚህ የመገናኛ በዓል አንድ ነገር እለምናለሁ። እናንተ ታላላቆቻችን፣ ወደ ጤና ጣቢያ ያወጣችሁ መኪና ምን ዓይነት ነበር? ሾፌሩ ማን ይባላል? መገጭ በክረምት ሲሞላ ምን ታደርጉ ነበር? መኪናዋ ስትበላሽ የቀረውን መንገድ በምን ሄዳችሁ? ከኋላው ቀንና ቦታ የተጻፈበት አንድ ፎቶግራፍ፣ አንድ ገጽ ማስታወሻ ይበቃል። መምህራንም ተማሪዎችን ልከው ያስጽፉ፤ የቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ለዚህ ቦታ አያጣም።

ብረቱን ወደፊት የሚያድስ አይጠፋም። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች ግን ዛሬ ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ እነሱን ቁጭ ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ ዘንድሮ ነው።