በጋለ ብረት የተበሱት የቀራጺው ጉንጮች

የፍልሰታ ጾም በገባ ቁጥር የእመቤታችን ዕረፍትና ዕርገት በአገራችን ይተረካል፣ ይዘመራል። ይኸው ታሪክ ከ500 ዓመታት በፊት በእንጨት ተቀርጾ፣ ዛሬም በፖላንዷ ክራኮቭ ከተማ በቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከመንበሩ ጀርባ ቆሟል። ቅርጹ ባለመዝጊያ ሲሆን ቁመቱ 13 ሜትር ገደማ ነው። መሃሉ ላይ እመቤታችን ተንበርክካ ስትዝለፈለፍ ሐዋርያት ከበው ይደግፏታል፤ ከፍ ብሎ ደግሞ ልጇ ሲያሳርጋት ይታያል። የእኛ ቤተ ክርስቲያን የለመደችው ሥዕልን እንጂ ሐውልትን አይደለም፤ ሆኖም ይህን ያየ ኢትዮጵያዊ ምን እንደተቀረጸ ነጋሪ አያሻውም።

ሠሪው ፋይት ሽቶስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1477 ከጀርመኗ ኑረምበርግ ወደ ክራኮቭ ሄዶ፣ በዚያ የሚኖሩ ጀርመናውያን ያዘዙትን ሥራ በ1489 ፈጸመ። ዘመኑ የጎቲክ ጥበብ ማብቂያ ነበር። ከሊንደን ግንድ ተፈልፍለው በወርቅና በቀለም የተሸፈኑት ዋና ዋና ምስሎች ከሰው ቁመት እጅግ ይበልጣሉ። የሽማግሌዎቹን ሐዋርያት እጆች ልብ ብሎ ላያቸው፣ የተገተረው የደም ሥር ሳይቀር ይቆጠራል።

በ1496 ባለጸጋ ሆኖ ወደ ኑረምበርግ ተመለሰ። መከራው የጀመረውም እዚያው ነው። ያዕቆብ ባነር የሚባል ነጋዴ፣ ገንዘቡን ሃንስ ስታርሴደል ለተባለ ሌላ ነጋዴ እንዲሰጥ መከረው። ሽቶስ ከ1,000 ጉልደን በላይ አስረከበ። ስታርሴደል ከሰረ፤ ባነር ግን የራሱን ድርሻ ቀድሞ አውጥቶ ነበር። ሽቶስ ባነር ዋስ እንደሆነ የሚያሳይ ሰነድ በባነር ማኅተምና ፊርማ አስመስሎ ሠርቶ ክስ መሠረተ። ነገሩ ተጋለጠ።

ከተማዋ ሐሰተኛን አትምርም ነበር፤ ሞት ሊፈረድበት ይችል ነበር። በ1503 ሁለቱም ጉንጮቹ በሕዝብ ፊት በጋለ ብረት ተበሱ፤ ያለ ከተማዋ ምክር ቤት ፈቃድም ከዚያ እንዳይወጣ ታዘዘ።

ታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይሟገቱበታል። አንዳንዶቹ ገንዘብ ወዳድና ነገረኛ አድርገው ይስሉታል፤ ከምክር ቤቱ ጋር ለዓመታት መጨቃጨቁም እውነት ነው። ሌሎቹ መጀመሪያ የተታለለው እሱ ነው ይላሉ። ሰነድ መፈልሰፉ ወንጀል ነው፤ ግን ባነር ገንዘቡን በሰላም ሲያወጣ የሽቶስ ብቻ መቅረቱ እንዲሁ የሆነ አይመስልም። ስለዚህ እኔም ወደ ኋለኞቹ አደላለሁ። ንጉሠ ነገሥት ማክሲሚሊያንም ምሕረት አድርጎለት ነበር፤ ምክር ቤቱ ግን አልተቀበለውም።

ከፍርዱ በኋላ ያለው ታሪኩ ሳሳ ይላል። በ1504 ወደ ሙነርሽታት ከተማ ሸሽቶ፣ ሌላው ቀራጺ ቲልማን ሪመንሽናይደር ሳይቀባ የተወውን ቅርጽ ቀለም ቀባ፤ ከዚያ ተመለሰ። በ1517 እና 1518 ግን ያ ጉንጩ የተበሳ ሰው፣ ዛሬም በኑረምበርግ ቅዱስ ሎሬንዝ ቤተ ክርስቲያን ከጣሪያው የተንጠለጠለውን፣ መልአኩ ገብርኤል እመቤታችንን ሲያበስር የሚያሳየውን ቅርጽ ሠራ። ያዘዘው ከከተማዋ ታላላቅ ሰዎች አንዱ የሆነው አንቶን ቱኸር ነው። ሽቶስ በ1533 አረፈ።

የክራኮቭ ሥራው ግን ዕረፍት አላገኘም። በ1939 ጦርነት ሲቃረብ ፖላንዳውያን ፈታተው ደበቁት፤ ናዚዎች አግኝተው ወደ ጀርመን ጫኑት፤ በመጨረሻም ኑረምበርግ ውስጥ፣ ከግንቡ ሥር ሸሸጉት። ጦርነቱ ባበቃ በዓመቱ፣ በ1946 ወደ ፖላንድ ተመለሰ፤ ታድሶም በ1957 ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ገባ።

እኛ ይህን ያህል አልቀናንም። ጣሊያን የአክሱምን ሐውልት ልትመልስ በ1947 ውል ገብታ የመለሰችው በ2005 ነው። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉ ታቦታት ደግሞ ዛሬም በለንደኑ ብሪቲሽ ሙዚየም ተቆልፎባቸው ይገኛሉ። ፖላንድ በዓመት ውስጥ ያገኘችውን እኛ ከ150 ዓመታት በላይ ጠብቀናል፤ ታቦታቱ ወደ መንበራቸው ይመለሱ።