የጦር አለቆች መልእክት በምሥራቅ ጎጃም፤ በ1933 ዓ.ም.

ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በሉማሜ በኩል ወደ ደጀን የሚወስደው መንገድ፤ በመጋቢት ወር 1933 ዓ.ም. የኢጣልያዊውን የኮሎኔል ማራቬንታኖን ጦር ወደ ዓባይ አሳልፏል። ተከታዩ ሁሉ ሲቈጠር ከ10,000 የሚበልጥ ሰው ነበረ። ይህን የሚያህል ሰልፍ የቢቸና አርበኞች ባሉበት አገር አልፎ ያለ ብርቱ ውጊያ ወንዙን መሻገሩ፤ የደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም በተነሣ ቍጥር አብሮ የሚነሣ ጥያቄ ሆኖ ቀርቷል።

እንግሊዛውያን ጸሐፊዎች ነገሩን በአንድ መልእክት ያስረዳሉ። ደብረ ማርቆስ የነበሩት ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ወደ በላይ ልከው ልጃቸውን ሊድሩላቸው ተስፋ ሰጡ፤ በላይም ስለዚህ ጦራቸውን ሳያንቀሳቅሱ ቀሩ ይላሉ።

እንዲህ ያለውን ወሬ ከመቀበል በፊት የአገራችንን የመላላክ ሥርዓት ማሰብ ይገባል። የመኳንንት ደብዳቤ ማኅተሙ በራስጌው ታትሞ፤ «ይድረስ ከ» ብሎ ጀምሮ፤ ጤና ጠይቆ በጥቂት ቃል ያበቃ ነበረ። ምሥጢሩ የነበረው በመልእክተኛው አፍ ነበረ። የጋብቻ ነገርማ ከሁሉ በኋላ ወደ ወረቀት የሚገባ ነበረ። በበላይ ዘንድ ተልኮ የነበረው እንግሊዛዊው መኮንን ዊልፍሬድ ቴሲገር የጦሩን አለመነሣት በዓይኑ አይቷል፤ ምክንያቱ ግን የሚታይ ሳይሆን የሚሰማ ነገር ነው። ሁለቱ በአንድ ሚዛን አይመዘኑም። ይህን ስል ወሬውን ሐሰት ማለቴ አይደለም፤ በትውልድ ሳይሆን በክንዳቸው ለወጡ ሰው ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ቤት መጋባት ቀላል ነገር አልነበረም።

የዚያው ጦር መጨረሻም በደብዳቤ ሆነ። ማራቬንታኖ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ሰሜን ሲያፈገፍግ፤ ኮሎኔል ዊንጌት ከራስ ካሣ አርበኞች ጋር ተከታትሎ አጅባር አጠገብ ደረሰበት። የዊንጌት ሰው ከጠላቱ እጅግ ያነሰ ነበረ። በግንቦት ወር እጅህን ስጥ ብሎ ጻፈለት፤ እምቢ ብትል እንግሊዞች ትተውህ ይሄዳሉ፤ ከዚያ በኋላ የምትቀረው ከአርበኞች ጋር ነው የሚል ማስፈራሪያም አከለበት። ያን ሰሞን የአኦስታው መስፍን አምባ አላጌ ላይ ተማርኮ ነበርና፤ ማራቬንታኖ ግንቦት 15 ቀን 1933 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይሏል። አርበኞቹ ከዊንጌት ጋር ተሰልፈው የደከሙ ሲሆኑ፤ በደብዳቤው ውስጥ የገቡት እንደ ማስፈራሪያ ብቻ ነው። ደግሞም በወረቀት የተጻፈው የዊንጌት ማታለል ብልኀት ተብሎ ሲመሰገን፤ በቃል ሄደ የተባለው የራስ ኃይሉ መልእክት የበላይ ነቀፌታ ሆኖ ተመዘገበ።

በላይ ዘለቀ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በስቅላት ተቀጡ። አብረዋቸው የተሰቀሉት ልጅ ማሞ፤ የራስ ኃይሉ ልጅ ነበሩ።