«ቢሆን ኖሮ»፦ ያልሆነውን ታሪክ ስለ መጻፍ

የታሪክ ጸሐፊ «ቢሆን ኖሮ» የሚለውን አነጋገር ይሸሸዋል። ሥራው የሆነውን ከነማስረጃው ማቅረብ ነውና አይፈረድበትም። የልብ ወለድ ደራሲ ግን ታሪክ ጸሐፊው በዘጋው በር ሊገባ ይችላል። በአማርኛ «ኖሮ» የሚለው ቃል ከቁጭት ተለይቶ ስለማይሰማ፣ በዚህ በር የሚገባ ሁሉ ቁጭቱን ይዞ መግባቱ አይቀርም፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው።

እንዲህ ያለው አሳብ የቈየ ነው። ሮማዊው ታሪክ ጸሐፊ ሊቪ ትረካውን አቋርጦ፣ ታላቁ እስክንድር ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ ሮማን ቢወጋ ኖሮ ድሉ የማን ይሆን እንደ ነበር ጠይቋል፤ መልሱም፣ ከሮማዊ እንደሚጠበቀው፣ የሮማ ነው። ፈረንሳዊው ሉዊ ዦፍሯ እ.ኤ.አ. በ1836 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ ናፖሌዎን በሞስኮ ተቀምጦ ክረምቱን አይጠብቅም፤ ወደ ፒተርስቡርግ ገሥግሦ ሩሲያን ይረታል፤ ውሎ አድሮም የዓለም ገዥ ይሆናል። የመጀመሪያው ወገኑን ያሞግሳል፤ ሁለተኛው የተሸነፈ ወገኑን ያጽናናል። የተሸነፈ ሰው በመኝታው ላይ ሆኖ ጦርነቱን እንደገና ሲዋጋ ቢያድር፣ በሕልሙ ሁልጊዜ አሸናፊ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ድርሰት ዋጋ በምን እንደሚለካ ለማየት መቅደላ ጥሩ መፈተኛ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1855 ዓ.ም. መጀመሪያ ለንግሥት ቪክቶሪያ የላኩት ደብዳቤ ወዳጅነትን የሚሻ፣ ቱርኮች ባሕሩን ስለያዙባቸውም መልእክተኞቻቸው በደኅና የሚያልፉበት መንገድ እንዲመቻች የሚጠይቅ ነበር። ለንደን ደረሰ፤ በመዝገብ ቤትም ያለ መልስ ተቀመጠ። ቆንስል ካሜሮን በ1856 ታሰረ። መልሱ በሆርሙዝድ ራሳም እጅ ንጉሡ ዘንድ ሲደርስ ዘመኑ 1858 ሆኗል። ቀጥሎ የናፒየር ጦር መጣ፤ በፋሲካ ማግስት፣ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም.፣ ሁሉም አበቃ።

እንግዲህ አንድ ደራሲ ሌላውን ሁሉ እንደ ነበረ ትቶ አንዲት ነገር ብቻ ይለውጥ፤ ደብዳቤዋ በጊዜው መልስ ታግኝ። ሰነፉ ደራሲ በሁለተኛው ምዕራፍ ባቡር ይዘረጋል፤ በሦስተኛው ጋፋት ላይ የፋብሪካ ጢስ ያስነሣል፤ አንባቢም ደስ ብሎት ይተኛል። ትጉው ግን ይቸገራል። መልሱ ቢመጣም የላስታው፣ የትግራዩ፣ የጎጃሙና የሸዋው ዐመፅ አልቀረም፤ በ1857 ምኒልክ ከመቅደላ ማምለጣቸው አልቀረም፤ ከካህናቱ ጋር በመሬት ምክንያት የተነሣው ጠብ ከደብዳቤው ይቀድማል፤ ሠራዊቱም የሚበላው ከባላገሩ ጎተራ ነው። እንግሊዝ ደግሞ በክራይሚያ ጦርነት ከቱርክ ጎን የተሰለፈች መንግሥት ናት፤ የትሕትና ቃል ትጽፍ ይሆናል እንጂ በቱርክ ላይ መርከብ አትልክም። ስለዚህ በዚህ ድርሰት ውስጥ ቴዎድሮስ ከናፒየር ይድኑና ከገዛ ባላገራቸው ጋር ፊት ለፊት ይቆማሉ። ይህ ከመቅደላው አሟሟት የከበደ ትርኢት ነው፤ ለመድረክም ሳይሻል አይቀርም።

ሠራዊቱ 7 ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ ሲጎትት፣ ገደል እየናደና መንገድ እየጠረገ ወራት ፈጅቷል። ዛሬ ያን የሚያነብ ሰው መድፉ ማንንም እንደማያድን ስለሚያውቅ ያዝናል። የግርማቸው ተክለ ሐዋርያት ተውኔትም ሆነ የብርሃኑ ዘሪሁን ልብ ወለድ ኃይሉን የሚያገኘው ከዚሁ ከታወቀው ፍጻሜ ነው። ገመዱን በትከሻቸው የያዙት ሰዎች ግን ፍጻሜውን አያውቁም ነበር፤ ተስፋ ያደርጉ ነበር። ታሪኩ ሌላ መንገድ ሲይዝ አንባቢውም አለማወቁን መልሶ ያገኛል፤ ከጎታቾቹም ጋር እኩል ይሆናል። ይህን ሊሰጠው የሚችል የታሪክ መጽሐፍ የለም።

መልሱን የያዘው መልእክተኛ ምጽዋ ሲወርድ ወደቡ በቱርክ እጅ ነው፤ ከዚያ እስከ ንጉሡ ሰፈር ያለው መንገድም በሽፍታ የተያዘ ነው። ንጉሡ በዚያ ሳምንት በየትኛው ዐመፀኛ ላይ እንደ ዘመቱ በወደቡ የሚነግረው ሰው የለም። የመጀመሪያው ምዕራፍ የሚጀምረው ከዚህ ነው።